ነፋስ ያልገባበት

አዳማ ነፋስ ናት፤ ይኼን ማን ይክዳል?
ቆርቆሮ ይገልጣል፣ ጃንጥላ ይገለብጣል፣
ልትናገር ያልከውን ካፍህ ላይ ይወስዳል።

እኔም ከጎሚስታው፣ ከግቢው በስተጀርባ፣
ግድግዳውን ሁሉ ፍራሽ ባለብሰው፣
መስኮቱን በብርድ ልብስ ባፍነው ብደፍነው፣
ማይክ በተከልኩ ቁጥር ይመጣል ያልጠራሁት ሰው፦
የጅቡቲ ተሳቢ ሲያቃስት፣
የባጃጅ ጡሩምባ፣
ጎማ የሚያላቅቅ መዶሻ፣
"ሞጆ! ሞጆ! አንድ ሰው!" የሚል ረዳት፣
ደግሞ ያ ነፋስ፣
በቁልፍ ቀዳዳ ጎንበስ ብሎ የሚገባ።

ጋሽ ሂርጳ የመጣው እሑድ ከሰዓት ነው፤
ቤዝ ጊታሩን በጆንያ ጠቅልሎ፣
ባጃጅ ውስጥ ጉልበቱ ላይ አስተኝቶ፣
እንደ ታመመ ልጅ በክንዱ አቅፎ።
"አምፕሊፋየሩስ?" ብለው፣
"እሱማ ተሸጠ፤ ጣራዬ ላይ አለ፤
ሠላሳ ሁለት ቆርቆሮ ሆኗል።
ነፋስ በመጣ ቁጥር
እስካሁን ይዘፍናል።"

"ግድ የለም" አልኩት። "ማይክም አልተክልም።
ከእንጨቱ ወደ ገመድ፣ ከገመድ ወደ ሳጥን፣
ከሳጥን ወደ ማሽን፤ ቀጥታ፤
በመንገዱ ላይ አየር የሚባል የለም።"
ሳቀ።
"አየር የሌለው ዘፈን?
ዓሣ ነው እንዴ የምንቀዳው?"

ፕሪአምፗ ትንሽ ናት፣ የአንድ ዳቦ ያህል፤
ሦስት ቁልፍ፣ አንድ መርፌ፤
በዕቁብ ብር የገዛኋት፣
ሲሞቃት አቧራ አቧራ የምትሸት።
ገመዱን ሰካሁ።
ጮኸች።
እም ም ም ም ም፣
እንደ ድሮው የወንጂ ፋብሪካ
ሌሊት ከሩቅ ሲሰማ።

ገመድ ቀየርኩ። ሶኬት ቀየርኩ።
የአከራዬን ፍሪጅ አስነቀልኩ።
እም ም ም።
እሱ ምንም ሳይናገር
መዳፉን ክሮቹ ላይ አሳረፈ።
ዝም አለች።
አነሳ፤ ጮኸች።
አሳረፈ፤ ዝም አለች።
"ምድር አጥታ ነው" አለኝ፤
"ምድር ስታጣ ሰው ይበቃታል።
ሠላሳ ዓመት እኔ ነኝ ምድሯ።"

ቀዳን።
መርፌዋ ተነሳች፣ ቀዩን ነክታ ተመለሰች።
ስንት ዘመን ከከበሮ ሥር፣ ከሳክስፎን ጀርባ፣
በሠርግ ቤት ጫጫታ ተቀብሮ የኖረ ድምፅ
ራቁቱን ወጣ።
የሚሸሸግበት ጥግ የለም፤
የጥፍሩ ጫፍ ይሰማል፣
የሻካራ ቆዳው ፍትጊያ ይሰማል፣
የሸንኮራ መፍጫው ጫፉን የወሰደበት
የቀለበት ጣቱ ይሰማል፤
ሊደርስ ሲል የሚዘገይ፣
ሲዘገይ ዘፈኑ ቆሞ የሚጠብቀው።
እኛ "የሂርጳ ስልት" የምንለው፣
ጎረምሳ ሁሉ ሊኮርጀው የሚደክምለት፣
ለካ ቁስል ኖሯል።

ከፍርግርጉ መስመር ሽራፊ ሰከንድ ቀርታለች።
ጎትቼ ላስተካክላት እጄን ሰደድኩ፤
ከዚያ እጄን ሰበሰብኩ።

ሦስተኛው ዙር ላይ፣ መዝጊያው ሊደርስ ሲል፣
መብራት ሄደ።
በአዳማ! ኮረብታው ላይ እነዚያ ነጫጭ ክንፎች
ለማን እንደሆነ እንጃ፣ ይዞራሉ።
ማሽኑ ጠፋ፤ መርፌዋ ወደቀች።
እሱ አላቆመም፤
ዓይኑን ጨፍኖ ነበርና ጨለማው አልደረሰውም።
ድምፁ ከክሩ አያልፍም፤
የጣቱን ዱካ ብቻ እሰማለሁ።
ፍራሾቹ መሐል ተንበርክኬ
ጆሮዬን ከእንጨቱ ትከሻ ገጠምኩ፤
አጥንቴ ሰማ።
ገመድ የለ፣ ሳጥን የለ፣
ከጣት ወደ እንጨት፣ ከእንጨት ወደ መንጋጋዬ፤
ቀጥታ ማለት ይኼ ኖሯል።

ቆርቆሮ አንኳኳ ውጪ። ጨረሰ።
"ገባ?" አለኝ በጨለማው።
"ገባ" አልኩት።

መብራቱ የመጣው ማክሰኞ ነው።