አውጫጭኝ በብርኖ

ሌሊት ስምንት ሰዓት፣ ካፊያው እየጣለ፣
ብርኖ ባቡር ጣቢያ ሰሌዳው ጨለማ መሰለ።
የሌሊት አውቶቡሶች ከየሰፈሩ መጥተው
አንድ ላይ ሲሰለፉ፣ ልክ ያን ሰዓት ጠብቆ ነው
ሰርቨሩ የሚወድቀው። ሦስተኛ ሌሊቱ፤
"አራት ደቂቃ" ይል የነበረው ጠፋ ከነመብራቱ።

ሲሞት ግን አይሞትም ዝም ብሎ እንደ ሰው፤
ከርነሉ ተናዞ ነው የሚያርፈው።
ሃያ ሦስት መስመር፣ ነጭ ጽሑፍ ጥቁር ላይ፣
ማን ማንን እንደጠራ ቆጥሮ የሚያሳይ።

ንባቡን ዝደንካ ናት ያስተማረችኝ፣
መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ፣ "ና" ብላ ጠርታኝ፦
"ከላይ አትጀምር፤ ከላይ ያለው ሟች ነው።
ከእግሩ ሥር ተነሥተህ ወደ ራስ አንብበው።
ደግሞ ጥያቄ ምልክት ፊቱ ላይ ያለበት
ሰማሁ ባይ ምስክር ነው፤ ስማው እንጂ አትማልበት።"

እንደ ጥንቱ አገር፣ በሬ ሲጠፋ ሌሊት፣
ሰዉ ሁሉ ተጠርቶ፣ ተከቦ ባንድነት፣
እንደሚታገተው መንደሩ በሙሉ
እውነት እስክትወጣ ከመሃሉ፣
እኔም ሃያ ሦስቱን አቆምኩ በተራ፤
አንዱን እይዛለሁ፦ "አንተንስ ማን ጠራ?"
"እኔን? ያ ነዋ፣ ከበታቼ ያለው።
መልእክተኛ ነኝ፤ እጄ ንጹሕ ነው።"
ያኛውም እንደዚያው፤ ጣቱ ወደ ታች፣ ጣቱ ወደ ጓዳ፤
ማንም አይቀበል የራሱን ዕዳ።
ከሁሉም ሥር ያለው፣ ክር ሆኖ የተወለደው፣
"እኔ የማውቀው" አለ "መጀመሬን ብቻ ነው።"

የሟቹን ኪስ ፈተሽኩ፤ አሥራ ስድስት ኪሶች፣
ዜሮዎች፣ ቁጥሮች፣ ያረጁ አድራሻዎች፤
በአንደኛው ውስጥ ግን አንድ ነገር አለ፣
ስድስት ቢ፣ ስድስት ቢ፣ ስድስት ቢ እያለ
ስምንት ጊዜ። ሻዬን ረሳሁ።
ይህን ቁጥር አውቀዋለሁ።
ተከራይ ሲለቅ፣ ዕቃውን ይዞ ሲወጣ
ግድግዳው የሚቀባው ኖራ ነው፣ ሌላ ሰው እስኪመጣ።
ሟቹ ይዞ የዞረው የባዶ ቤት ቁልፍ፤
ገባ፣ ዳበሰ፣ የለም አልጋ፣ የለም ምንጣፍ፤
ኖራውን አድራሻ መስሎት ተከትሎ
ገደል ገባ ምስኪን፣ መንገድ አለ ብሎ።

ታዲያ ቤቱን ማን ለቀቀ? ከነሰው ማን ሸጠው?
ሃያ ሦስቱን ደግሜ ዐይን ዐይናቸውን ሳየው
የለም።

ሥራውን ጨርሶ፣ ተመልሶ ሄዷል፤
የተመለሰ ሁሉ ከዝርዝሩ ተሰርዟል።
አውጫጭኝ ላይ ዳኛ ቀድሞ የሚጠይቀው
የመጣውን አልነበረም፤ "ማን ቀረ?" ነው።

የመጀመሪያው ትራም ሐዲዱን እያፏጨ
ሲያልፍ በመስኮቴ፣ ሰማዩም ገርጥቶ ሲነጋ እየነጨ፣
አገኘኋት። አንዲት መስመር፤ መልቀቅ ከመቆለፍ ቀድማ፣
ስድስት ዓመት የተኛች፣ ማንም ኮቴዋን ሳይሰማ።
ማን ጻፋት? ብዬ መዝገቡን ስገልጥ
ቀኑ ዓርብ፣ ዐሥር ሰዓት፣ ሰው ለመውጣት ሲሯሯጥ።

የኔ ስም።
ከሥሩም "አይቼዋለሁ" የሚል የዝደንካ ፊርማ።

ዝኖይሞ ናት ዛሬ፣ ጡረታ ወጥታ
ቲማቲም ታፈላለች፣ ከጎረቤት ድመት ተጣልታ።
ደውዬ ነገርኳት። ዝም አለች። ቆይታ ሳቀች፦
"አይቼዋለሁ ብዬ ፈረምኩ? አላየሁም" አለች።

ሁለት መስመር ቦታ ማቀያየር ነበር፣
ለዚያ ሁሉ ሌሊት፣ ለዚያ ሁሉ ነገር።

በማግስቱ ሌሊት፣ ጃኬቴን ደርቤ፣
ጣቢያው ሄጄ ቆምኩኝ ሰሌዳውን ቀርቤ።
አውቶቡሶቹ መጡ፣ ተሰለፉ ሁሉም፤
አራት ደቂቃ። ሦስት። ሰሌዳው አልጠፋም።
ሁለት። አንድ።
በር ተከፈተ። አንድ ሞቅ ያለው ሰው፣ እግሩን ደረጃው ላይ እንዳሳረፈ፣
"አትገባም?" አለኝ።
"ቀጣዩን" አልኩት። አውቶቡሱ አለፈ።