ሌላ ካለ ይገለጽ

መዋቅሩን የሣልኩት እኔ ነኝ ለፍቼ፣
ሣጥን ከሣጥን ሥር በማስመሪያ አበጅቼ፤
ቧንቧ ለቧንቧ ክፍል፣ ፍሳሽ ለፍሳሹ፣
ቆጣሪም ለሒሳብ፣
ጥያቄ ሲመጣ እንዳይጠፋ ምላሹ።

ሐምሌ ላይ ከሐይቁ ዳር አንድ ደብዳቤ መጣ፣
በእርሳስ የተጻፈ፣ ጠርዙ እርጥበት የጠጣ።
አቶ ቃሚሶ ናቸው፣ ጀልባ ጠጋኙ፦
«ሐይቁ ቤቴ ገባ፤ ቧንቧዬ ደረቀ።
ከሁለቱ ውሃ
የቱን ልክሰስ? የቱስ ነው የእናንተ?»

«ገቢ» ተመታበት፤ ቁጥርም ተሰጠው።
ቧንቧ ክፍል አይቶ «የሐይቅ ነው» አለው፤
ፍሳሽ ክፍል አይቶ «ፍሳሽ አይደል» አለው፤
ሒሳብ «ዕዳ የለበት» ብሎ መለሰው፤
ሥራ አስኪያጁ ጥግ ላይ፣ በቀይ፦ «ለሚመለከተው»።

የሚመለከተው ማነው?
ሣጥኖቼን ቆጠርኩ፤ አሥራ አራት ናቸው።
አሥራ አራቱም ዓይን አላቸው፤
የሚዞሩበት አንገት ግን የላቸው።

ከደረጃው ሥር፣ መዝገብ ቤት፣ ወይዘሮ ትርንጎ
ደብዳቤውን አልመለሱም።
ካርቶን ቀደው አቃፊ ሠሩ፤ «ሌላ» ብለው ጻፉበት።
ቅጻችን ግርጌ ላይ አንዲት መስመር አለች፣
«ሌላ ካለ ይገለጽ» ትላለች፣
ግማሽ ጣት የማትሞላ።
ለወግ ነበር የጻፍኳት። እሳቸው ያነቧት ነበር ለካ።

በነሐሴ «ሌላ» ወፈረ።
ውሃው ሻይ መሰለኝ ያለች ተማሪ፣
ቧንቧው ጨው ጨው አለኝ ያለ ዳቦ ጋጋሪ፣
ግድግዳው ሌሊት ያልበዋል ያሉ የሆቴል ዘበኛ፤
አንድ በአንድ ሲነበቡ ቀልድ።
ትርንጎ ግን ጠረጴዛ ላይ እንደ መረብ ዘረጓቸው፦
ሁሉም ከአሞራ ገደል በታች፣ ሁሉም ከአንድ መንገድ፣
ሥሩ አንድ አሮጌ ቱቦ፣ ማንም ያላስታወሰው።

«ልጄ፣» አሉኝ፣ «ይሄ ሥዕልህ ላይ የቱ ጋ ነው?»

ከዚያ ወዲህ ሰኞ ሰኞ እዚያ ቆምን፣
ያለ አጀንዳ፣ ያለ ወንበር፣
አለቃውም፣ ቱቦ ቆፋሪውም፣ እኔም፤
በሳምንቱ ውስጥ «አላውቅም» ማለት
የማያስወቅስባት አንዲት ሰዓት ነበረች።

ዘንድሮ የመዋቅር ጥናት መጣ።
ለ«ሌላ» ስም ወጣለት፤ ኃላፊ፣ ማኅተም፣
የሚሽከረከር ወንበር።
ሣጥን ሣልኩለት፤ አሥራ አምስተኛ፣ አማረ።
የሰኞዋ ሰዓት ቀረች።

ትናንት ከአዲሱ ክፍል አንድ ደብዳቤ ወረደ፦
«ክፍላችንን አይመለከትም።»
ወይዘሮ ትርንጎ ምንም አላሉም።
መነጽራቸውን አጠለቁና
ካርቶን መቅደድ ጀመሩ።