እንደገና ይጫኑ

ጠዋት ሁለት ተኩል፣ ጅማ እየዘነበ፣
ሰልፉ በጃንጥላ ግንቡን እንደከበበ፣
ፊት ለፊቴ ያለች አንዲት ጥቁር ሳጥን
ትከፍታለች ዓይኗን፣
አረንጓዴ ዓይኗን።
የሰው ጣት ትበላለች።
እንዲያው አፌ ለምዶ ነው፤ አትበላም፣
አንብባ ትመልሳለች።

ሥራዬ እጅ መያዝ ነው፤
የማላውቀውን ሰው ጣት ለቅሜ፣ ገጥሜ፣
መስታወት ላይ ማስተኛት፣ መጫን ደጋግሜ።
"ቀኝ አራቱን... ግራ አራቱን... ሁለቱን አውራ ጣት፣"
በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ እስከ ምሳ ሰዓት።

ሰው ለፎቶው ነው የሚጨነቀው፤
ሻሿን አስራ ትፈታለች፣ ጺሙን ያበጥራል፣
እጁን ግን እንዳለ፣ እንደዋለ ይሰጣል።
ስለዚህ ሳልጠይቅ አውቃለሁ፦
ይሄ ጋራዥ ውሏል፣ ናፍጣው ከመስመሩ አልወጣም፤
ይቺ የደዶ ድንች ስትጭን ነግቶባታል፣ ጥፍሯ ከአፈር አልጠራም፤
ያ ተማሪ ነው፣ ጣቱ የእስክሪብቶ ጉብታ አለው፣
መዳፉ ላብ በላብ፣ ፈተና የገባ ነው የሚመስለው።

ኦቦ ከሊፋ የመጡት ማክሰኞ ነው፣ ለሐጅ።
ከመርካቶ ጀርባ በርጩማ ይጠርባሉ፣
ካንድ ግንድ ሦስት እግር ያወጣሉ።
አርባ ዓመት በብርጭቆ ወረቀት እንጨቱን ሲያለሰልሱ
እንጨቱም በፈንታው አለስልሷቸዋል እሱ።
ጫኑ። ቀይ። "እንደገና ይጫኑ።"
ጣታቸውን በቫዝሊን አሸሁት። ቀይ።
በሞቀ ውሃ ዘፈዘፍኩት። ቀይ።
"ልጄ፣" አሉኝ፣ "የኔን አሻራ ከፈለግሽ፣
ከተማው ተቀምጦበታል፤ ማንን አስነስተሽ ታገኚዋለሽ?"
ሳቅሁ። ሳጥኗ አልሳቀችም።
በስንተኛው እንደሆነ እንጃ፣ የግራ ትንሿ ጣት፣
አርባ ዓመት ከሥራ ሸሽታ የተኛችው፣
አረንጓዴ አበራች፤
መካ የምታደርሳቸው ያቺው ሰነፏ ሆነች።

ረውዳን ግን "እንደገና" አላለቻትም።
ገና ሳትጫን በሚባል ፍጥነት አወቀቻት፣
"መኪያ ሰይድ፣ ሠላሳ አራት" ብላ ጻፈችላት።

ስሙ የሷ አይደለም። ዕድሜውም።
አሥራ አራት ዓመቷ ነበር ደላላው ከአጋሮ ሲያወጣት፣
የሰው ስም አከራያት፣
በአንድ ሌሊት ዘጠኝ ዓመት አሳደጋት።
ቤይሩት፣ አራተኛ ፎቅ፣ የመጀመሪያው ወር፣
"መኪያ!" ሲሏት ዞር አትልም ነበር፤
እመቤቲቱ "ደንቆሮ ላካችሁብኝ" ብላ ለኤጀንሲው ደወለች።
ኋላ ግን ለመደች።

አሁን የልደት ካርድ አላት፣ መታወቂያ ከነማኅተሙ፣
ረውዳ ነስሩ፣ ሃያ አምስት፣ ይኸው ስሙ።
"አባቴም ውጭ ቆሟል፣ ይግባና ጠይቁት፤
ጣቴ ብቻ ነው ወይ ያላመነኝ?"
ይህን ስትል የምታየው እኔን አይደለም፣ መስታወቱን ነው።

ስልጠና ላይ ጽፌያለሁ፣ በቀይ አስምሬበት፦
"ስም ይለወጣል፣ ፊት ይገረጣል፣ የማይዋሸው ጣት።"
እውነት ነው፣ አልዋሸም።
ያኔም የሷ ነበር፣ ዛሬም የሷው ነው፤
የዋሸው ከጎኑ የጻፉበት ነው።
ውሸቱም ሐቀኛ ጣት አግኝቶ፣ ተጣብቆ፣
አሥራ አንድ ዓመት ኖሯል ሳይበላሽ ተጠብቆ።

"ለዋናው መሥሪያ ቤት ይላካል" አልኳት፤ "መቼ?" አላለችም።
ጣቷን በቀሚሷ ጠርዝ ጠረገች፤ ምንም አልነበረበትም።

ከደጅ፣ ጃንጥላ ሥር፣ አባቷ ተጣራ፤
ገና "ረ..." ሲል አንገቷ ዞረ።
እኔ አየሁ።
ሳጥኗ ቀጣዩን ጣት ስትጠብቅ ነበረ።