ለሻይ ብቅ በል

ስሜ ዘፈሪኖ ነው፤ ሃሊፋክስ ስገባ «ዜፍ» ተብሎ አጠረ፣
የቀረውን ፊደል ዝናቡ ሸረሸረ።
ከፖርቱጋል መጣሁ፣ አውቶቡስ ልነዳ፣
በዳገት በቁልቁለት፣ በሌት በማለዳ።
ቋንቋውን አጥንቼ፣ ፈተናውን አልፌ፣
«በቂ ችሎታ አለው» የሚል ወረቀት ታቅፌ፤
ግን የትም አልተጻፈ፣ ማንም አልነገረኝ፣
አንዲት ሲኒ የምታህል ቃል ጉድ እንደምትሠራኝ።

ጎረቤቴ ኢኒድ፣ ባሏን ከሸኘች ወዲህ ለብቻዋ የምትውል፣
ልብስ ስታሰጣ፣ መቆንጠጫ ነክሳ በጥርሶቿ መሃል፣
«ሐሙስ» አለች በአጥሩ፣ «ሐሙስ ለሻይ ብቅ በል።»

ሻይ! ከዚህ የቀለለ ቃል ከየት ይገኛል?
ውሃው ይፈላል፣ ቅጠሉ ይጠልቃል፣ ወሬው ይነሣል፣
ከዚያ ሰው ወደ ቤቱ፣ ወደ እራቱ ይመለሳል።

ሐሙስ ከሥራ ስወጣ፣ ባዶ እጄን ላልሄድ ብስኩት ገዛሁ፤
ሆዴ እንዳያሳጣኝም፣ ከመናኸሪያው ጥግ
ኮምጣጤ የጠጣ ዓሣ በድንች፣
ቆሜ፣ እስከ ወረቀቱ ጠርጌ በላሁ።

አሥራ አንድ ሰዓት አንኳኳሁ። ጠረጴዛው ጨርቅ ለብሶ፣
ሁለት ሳህን፣ ሁለት ሹካ፣ ሥጋ ያረገዘ ፓይ ከምድጃ ደርሶ፣
አተሩ፣ ድንቹ፣ መረቁ በማንቆርቆሪያ፣ እንፋሎት ቤቱን ወርሶ።
«ሌላ እንግዳ አለባት» አልኩ በልቤ፤ «ላላስቸግራት።»
አንድ ሲኒ ጨለጥኩ።
ስለ ዝናብ የሚወራውን ሁሉ አወራኋት።
አመስግኜ ተነሣሁ።
በእናቴ መንደር ቢሆን ክንዴን ጎትተው ያስቀምጡኝ ነበር፤
እዚህ ግን ጨዋነት ማለት፣ የሚሄድን ሰው አለማስቸገር።
«ደህና፣ የኔ ውድ» አለች፣ ሹካዋን ከቢላዋው ጎን እያስተካከለች፤
ፓዩን አላየችም፤ እኔንም አላየች።

በማግስቱ ለናዚያ ነገርኳት፣ እዚሁ ተወልዳ እዚሁ ላደገች።
መሪዋ ላይ ተደፍታ ሳቀች፤
ከዚያ ሳቋን አቋረጠች።
«ዜፍ፣ ሻይ እኮ እራት ነው! ዲነር የቀትር ነው፣ ምሳችን፤
ሰፐር ደግሞ በፒጃማ፣ ቁራሽ ቶስት፣ ሲደርስ መኝታችን።
ወደ ደቡብ ስትወርድ ግን ዲነር ራሱ ይመሻል፤
እዚያ ሰፐር የሚል ሰው ደግሞ ቤቱ ሰፊ ይሆናል።»
ፑዲንግስ? ብላት፣ ጣቷን ትቆጥር ጀመር፤
«ከምግብ ኋላ ጣፋጭ ሁሉ ፑዲንግ ነው፣ አይስክሬም ሳይቀር፤
የዮርክሻየሩ ግን ከሥጋ ጋር ነው፣ አያውቀውም ስኳር፤
ጥቁሩ ደም ነው፤ እሱን እኔን አትጠይቀኝ።
ቲኬክ? ሻይ የለበት፣ ኬክ አይደል፤ ዳቦ ነው፤
ኮረብታውን ተሻገር፣ እዚያ ሌላ የክርስትና ስም አለው።»
ካንቲኑ ሰሌዳ ላይ «ጓጉንቸር በጉድጓድ» አንብቤ የሸሸሁ ለት
ቋሊማ ነበር ለካ፣ ሊጥ ውስጥ የተኛበት።

ሁሉን ሰማሁ። ልቤ ግን እዚያው ነው፣ ከሁለቱ ሳህን፤
ያን ፓይ ማን በላው? ብቻዋን? ስንት ቀን?

ሐሙስ ሲደርስ ጾሜን ዋልኩ፤
አሥራ አንድ ሲል ያለ ጥሪ ደጇ ቆምኩ።
«ያለፈውን ሐሙስ ልበላ መጣሁ» አልኩ።
አየችኝ። ውሃ የቋጠረ ጫማዬን አየች።
«ዛሬ ባቄላ በቶስት ነው፣ ያለኝ አንድ ቆርቆሮ ብቻ» አለች፤
ከፍታ፣ በማንኪያ ለክታ፣ ለሁለት ከፈለች።
ባቄላ በዳቦ ላይ! እናቴ ብታይ ታለቅስ ነበር።
የሟች ባሏ የዋልተር ወንበር ላይ መቀመጤን የነገረችኝ፣ ሳህኔን ጠርጌ ስጨርስ ነበር።

ከዚያ ተነሥታ፣ «ሻይ ትፈልጋለህ?» አለች።
ሰዓቱን አየሁ። ባዶውን ሳህን አየሁ።
የትኛውን እንደሆነ አልጠየቅኩም፤
«አዎ» አልኩ።