ሌላ ካለ ይግለጹ

ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት፣ አሞራ ገደል፤
ጀልባው ከጭጋጉ ቀድሞ ይደርሳል።
አባ ኮዳ ጭቃው ላይ ቆሟል፣
እንደ ጡረተኛ ዳኛ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ
የሚጣልለትን አንጀት ይጠብቃል።
እኔም ቆሜያለሁ፣ ደረቴ ላይ ሰሌዳ፣ እስክሪብቶዬ በክር፣
በየአምስተኛው ጀልባ ልጠይቅ፣ እንዳልሳሳት በቁጥር።

ዕጣ አውጥቼ ነው የጀመርኩት። ሦስት ወጣ።
ሦስት፣ ስምንት፣ ዐሥራ ሦስት፤
ዐሥራ አራተኛው ባለጀልባ ተቆጣ፦
«እኔን ምን አጥፍቼ ዘለልሽኝ? የኔ ሆድ ትል አይገባውም ወይ?»
ሒሳብ ነው ብዬ ላስረዳው ስጀምር
«ሒሳብማ ሲከፈል ነው» አለና መቅዘፊያውን ሰበሰበ።

ዐሥራ ስምንተኛው፣ መጠይቅ ቁጥር ሁለት መቶ ዐሥራ ሰባት፣
ሆጤሶ እንበለው፤
ስሙን ላላወጣ ፈርሜያለሁ።
የፈቃደኝነት ቅጹን ሳነብለት ቀደመኝ፦
«ባልፈልግ ማቋረጥ እችላለሁ፤ ጉዳት የለውም፤
ጥቅሙ ለማኅበረሰቡ ነው። አራተኛዋ ነሽ።»
የሦስቱ ወረቀት የት ገባ ብለው
በአገጩ ወደ ሚስቱ ወደ ዱረቴ ጠቆመኝ፤
ፊሌቶ ከምትጠቀልልበት ክምር ውስጥ
የዩኒቨርሲቲው ማኅተም ቅርፊት ለብሶ ያበራል።

ቢልሃርዝያ በምን ይተላለፋል?
«ቀንድ አውጣ አለች፤ ከሷ የሚወጣው ትል
ውሃ የገባ ሰው ቆዳ በስቶ ይገባል።»
ምልክቱስ?
«ቁርጠት፣ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ፤ ሲቆይ ጉበት ያሳብጣል።»
ዐሥር ከዐሥር።
ውሃ ሳይነኩ መሥራት ጥሩ ነው? «በጣም እስማማለሁ።»
በሚቀጥለው ወር ውሃ መግባት ለመተው አስበዋል? «አስቤያለሁ።»
እንደሚችሉ ይተማመናሉ?
ዝም አለ። ሐይቁን አየ።
«ልጄ፣ ዓሣ በአስፋልት አይመጣም» አለኝ፤
ሱሪውን ጠቀለለ፣ እስከ ወገቡ ገባ፣
መረቡን ሊጎትት።

ክፍል ውስጥ ሥዕሉን ስለነዋል፦
ዕውቀት፣ ሳጥን። አመለካከት፣ ሳጥን።
ፍላጎት። መጨረሻ ላይ ድርጊት።
በመካከላቸው ቀስት።
መምህራችን ቀስቱን በአንድ እስትንፋስ ይስበው ነበር፣
ጠመኔው ሳይሰበር።
እዚህ ቆሜ ሳየው ግን ቀስቱ ውሃ ነው፣
ጥልቀቱ እስከ ወገብ፣
ከታቹ ቀንድ አውጣ፣
ከላዩ አምስት ልጅ የሚያበላ መረብ።

ምሳ ሰዓት ላይ ዱረቴ ጠራችኝ።
ቆሮሶ፣ ጥሬውን፣ ገና የሚንቀጠቀጥ ሥጋ፣
ዳጣ ከጎኑ፣ ዓይን የሚያስለቅስ።
አውቃለሁ። ጥሬ ዓሣ ምን እንደሚያመጣ
ባለፈው ሴሚስተር ዐሥራ ሁለት ገጽ ጽፌ
ኤ አግኝቼበታለሁ።
«እንግዳ እምቢ አይልም» አለችና እጇን ዘረጋች።
አነሣሁ። ዳጣው ውስጥ ነከርኩ። ጣፈጠኝ።
ሆጤሶ ከውሃው ውስጥ ጮኸ፦
«ይጻፍላት! ዕውቀት ዐሥር፣ ተግባር ዜሮ!»
ዳርቻው ሁሉ ሳቀ፣ ዐሥራ አራተኛውም ጭምር።

ማታ፣ ታቦር ሥር በተከራየሁት ክፍል፣ መብራት የለም፤
በስልኬ ብርሃን ቁጥር አስገባለሁ። አንድ። አንድ። አምስት።
የመጨረሻው ገጽ ላይ ግማሽ መስመር አለ
ማንም የማይሞላው፦ ሌላ ካለ ይግለጹ።
ሆጤሶ ከውሃው ሲወጣ፣ እግሩ እየተንጠባጠበ፣ ነግሮኝ ነበር፦
«ወገብ የሚደርስ ቡትስ፣ አርባ ሦስት ቁጥር።
ዳር ላይ ሽንት ቤት፣ በሩ የሚዘጋ።
ደግሞ የፊተኞቹ ሦስቱ ምን እንዳገኙ
መጥቶ የሚነግረኝ ሰው።»
መስመሩ አልበቃውም፤ ወረቀቱን ገልብጬ ጀርባው ላይ ጻፍኩት።

አማካሪዬ በስልክ፦
«ይሄ እኮ ኮድ የለውም። ዘጠና ዘጠኝ በዪውና እለፊ።»
ዘጠና ዘጠኝ ብዬ መታሁ።
አጠፋሁት።
ሳጥኑ ባዶውን ብልጭ ድርግም ይላል፣ እኔን ይጠብቃል።

ነገ ከሃያ ሦስተኛው ጀልባ እቀጥላለሁ፤
ከዚያ በፊት ግን ዐሥራ አራተኛውን እጠይቀዋለሁ፣
ናሙና ውስጥ ባይገባም።
ሆዴን ትንሽ ይቆርጠኛል።
ዳጣው ይሆናል።