የታናሽ ልብስ

ከፖስታ ቤት ጀርባ፣ ከደረጃው በታች፣
እንደ ክብሪት ቀፎ ጠባብ ክፍል አለች።
“ማመልከቻ እንጽፋለን” ይላል ታፔላው፤
ያኔ ቀይ ነበረ፣ አሁን ግራጫ ነው፤
መንገዱ ሲሰፋ፣ ዳር ዳሩ ሲገነባ፣
ሱቁ ሁሉ ለበሰ አንድ ዓይነት ካባ።

ሃያ ሦስት ዓመት እዚህ ቁጭ ብዬ፣
የሰውን እሮሮ በአንቀጽ ከፍዬ፣
“ለክቡር ፍርድ ቤቱ” ብዬ ጀምሬ፣
“በትሕትና” ብዬ ስጨርስ ኖሬ፣
ኮምፒውተሬን ባውቀው እንደ ገዛ ኪሴ፦
የቱ ጋ ሳንቲም አለ፣ የቱ ጋ ተቀዷል፣
ዓይኔን ጨፍኜ እንኳ እጄ ይወርዳል።

ሰኞ ጧት ስደርስ “እየታደስኩ ነው” አለኝ፤
“አታጥፋኝ” ብሎ በመቶኛ ለመነኝ።
ዘጠና ሰባት ላይ ሻይ ጠጥቼ መጣሁ፤
ዘጠና ሰባት ላይ ሌላ ሻይ ደገምሁ።

ሲነቃ ሌላ ነው።
ከታች፣ ከግራ ጥግ፣ እንደ ዘበኛ የኖረው
“ጀምር” የሚለው ቁልፍ መሐል ላይ ተገተረ፤
ሹል ማዕዘን ሁሉ እንደ ገላ ሳሙና ተሸረሸረ።
የምወርድበት ዘንግ፣ በቀኝ በኩል ያለው፣
ቀጥኖ ክር አክሏል፤ ሲነኩት ነው “አለሁ” የሚለው።
ዝርዝሩ በሙሉ፣ ስም ከነማዕረጉ፣
ሦስት ሰረዝ ሆኖ ተጠቀለለ ከጥጉ።
ቁልፎቹ ወፈሩ፤ እርስ በርስ ተራራቁ፤
ለአውራ ጣት ብለው የኔን ቀስት ናቁ።

ኤልዳና ሳቀች። በግንቦት የቀጠርኳት፣
ሃያ አንድ ዓመቷ፣ ስልክ ነው ያሳደጋት።
“እንዴ! ስልክ ሆነልን” ብላ ወንበሬን ሳበች፤
እኔ በጠፋሁበት ሰተት ብላ ገባች።
የኔ ዶሴ ወግ አለው፦ በዓመት፣ በችሎት፣ በስም፣
ሣጥን በሣጥን ውስጥ፤ እሷ አንዱንም አልከፈተችም።
ስሙን ጻፈች፤ መጣ። “ይኸው አገኘሁት!”
“የት ነበር?” “ውስጡ ነዋ! ምን ያደርጋል የት?”

ሠሪውን አልፈርድበትም። አፍ በቋንቋ እንደሚፈታ
ጣትም አለው መፍቻ፤ የዛሬ ልጅ በስልክ ፈታ።
ግን እኛ ቤት ልብስ የሚወርደው ከታላቅ ወደ ታናሽ ነው፤
የወንድሜ ኮት ነው እኔን ያሳደገኝ፣
ትከሻው ሰፍቶኝ፣ እጅጌው ታጥፎልኝ።
ይኼስ የተገላቢጦሽ፦ ትናንት የተወለደው፣
ኪስ ውስጥ የሚውለው፣ ትራስ ሥር የሚያድረው፣
ልብሱን አወለቀና ለታላቁ ሰጠው።
ታላቁም ለበሰ።
ደረቱ አልገጠመም፤ እጅጌው ክርኑ ላይ ቀረ፤
“ያምርብሃል” አሉት፤ አመነ፤ መንገድ ጀመረ።

አቶ ወልደሰንበት መጡ በዘጠኝ ሰዓት፤
የአጥር ክርክር አላቸው፣ ስምንት ዓመት የሞላት።
ጽሑፉን እንዲያዩት ወደ እሳቸው አዞርኩት፤
መነጽር ከፍ አድርገው፣ ጎንበስ ብለው አዩት፤
ከዚያ በሌባ ጣት መስታወቱን ገፉት
ወደ ላይ፣ እንደ ስልክ። አልሄደም። ደገሙት።
“ደንቆሮ ነው እንዴ? የኔ እኮ ይሰማል።”
ምን ልበላቸው? መልኩማ “እሰማለሁ” ይላል።

ይኼኔ መብራት ሄደ።
(የታላቅ ደካማ ጎኑ፦ ከግድግዳ ታስሮ መኖር።)
በጨለማው መሐል ኤልዳና ስልኳን አወጣች፤
ጽሑፉ እዚያ ቆየን። “ውስጡ” ማለት ይኼ ነበር።
በሁለት አውራ ጣት “ሁከት ይወገድልኝ” ጻፈች፤
በቴሌግራም ላከችው፤ ከብሔራዊ ጎን ያለው
ባለ ጄኔሬተር ኮፒ ቤት በአሥር ብር አተመው።

መብራቱ ማታ ተመለሰ። እሷ ሄዳለች።
ከውጭ ረዳቱ “ሜክሲኮ፣ ሜክሲኮ” ይላል።
ስክሪኑ ላይ የሽማግሌው ጣት አሻራ ቀርቷል፣
“አመልካች” ከሚለው ቃል ሽቅብ የተሰመረ።
ልጠርገው ጨርቅ አነሣሁ። ተውኩት።
ማንም ሳያየኝ፣ በዚያው ፈለግ ላይ
ጣቴን ሰድጄ ቀስ ብዬ ገፋሁት።
አልሰማኝም።
ደገምሁት።