በረዶ ቆጠራ

መዋለ ሕፃናት ተዘጋ። ነሐሴ፣ ቱሉ ዲምቱ ላይ፣
ቆርቆሮ ይቀጠቅጣል፤ መሬቱም ጭቃ፣ ጭቃ ሰማይ።
አራተኛ ፎቅ ነን። መብራት ከጠዋት ጀምሮ ሄዷል፤
ኤፍራታ ካልሲ በእጇ አጥልቃ፣ ካልሲው ሲለፈልፍ ውሏል።
በሻማ ጥላ ጥንቸል፣ ውሻ፣ ወፍ ግድግዳው ላይ ሠርቼ፣
የማውቀው ተረት አልቆብኝ ቁጭ ስል ተሰላችቼ፣
ድንገት በረዶ ጣለ፤
በረንዳው ነጭ በቆሎ የተደፋበት መሰለ።

«ነይ» አልኳት፤ ሳህን ሰጠኋት፤ «እስኪ እየለቀምሽ ቁጠሪ።»
(ደሞ እኔ ብሎ አስተማሪ!)
«አንድ… ሁለት… ሦስት… አራት…»
ዘለለችና፣ «ስድስት…»
«አምስትስ የት ሄደች?» ስላት፣
ጉንጯን ነፍታ፣ «አፌ ውስጥ ናት።»

አስር ደረሰች። እኔ እርሳስ ፈልጌ፣ ደብተር ገልጬ፣
«ሲቀነስ» የሚባለውን ከየት እንደምጀምር መርጬ፣
ስመለስ፣ ሳህኑ ውሃ ብቻ ነው።
«ስንት ቀረ?»
ጣቷን ነከረች፤ አሰበች፤
«ሁሉም አሉ» አለች፣
«ተቃቅፈው ነው።»

እርሳሱን ኪሴ ከተትኩት።
መስኮቱ ሥር፣ በተቆረጠ ሃይላንድ የዘራነው፣ ገና ያልወጣ
ባቄላ፣
ከአምስት በቀር ሁሉን ጠጣ።